ከሮሚ ትከሻ ላይ የተቀዳ ኮንሰርት

ባለፈው ወር ከታክሲ ስወርድ ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጠቀና ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ወዳለ አንድ የስልክ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ልጅ ስልኩን በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኛው። ከስክሪኑ ስር ያለው ማስቲሽ እየላላ ሲመጣ አንድ ሽታ ተነሣ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም፣ የሞቀ ፕላስቲክም፣ ትንሽ ደግሞ የተቃጠለ አቧራም የሚመስል። ደስ የሚል ሽታ አይደለም። እኔ ግን አፍንጫዬን ከመሸፈን ይልቅ በፊቱ ወዳለው መስተዋት ሣጥን ጠጋ አልኩ። ይህን ሽታ መጨረሻ የሸተትኩት ልጅ ሳለሁ፣ አያት ኮንደሚኒየም፣ ሮሚ ሱቅ ውስጥ ነበር።

«ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ እዚህ ላስቀምጥልሽ?» አለኝ ልጁ።

«አይ፣ እኔው ልያዘው።»

«አይዞሽ፣ አልበላውም» ብሎ እየሳቀ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ስልኩ ተጠግኖ እስኪያልቅ ድረስ ጨብጬው ቆየሁ። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ሰው ዘንድ የሌለ አንድ ቅጂ አለ። «አምስተኛ ማርሽ» የሚባለው የሮክ ባንድ ከመበተኑ በፊት ከከተማ ከተማ እየዞረ የስንብት ኮንሰርት አሳይቶ ነበር፤ ቅጂው የጉዞው ማብቂያ የሆነው፣ እዚሁ ቦሌ የቀረበው ኮንሰርት ነው። ባንዱ አላሳተመውም፣ እንዲቀዳም አልፈቀደም። የቀዳችው ሮሚ ናት።

ሮሚ ሙሉ ስሟ ሮማን ነው። ከእኛ ብሎክ ስር፣ ከደረጃው መውጫ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ትሠራ ነበር። በሩ ላይ «ሮማን ሞባይልና ሙዚቃ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ፍላሽ እንሞላለን፣ ሚሞሪ እንጭናለን፣ ስክሪን እንቀይራለን» ይላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት አልነበረውም። ዘፈን የሚፈልግ ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣና «እስቲ አዲስ የወጣ ሙዪልኝ» ይላል፤ ሮሚም ፊደሎቹ ተፍቀው ያለቁትን ኪቦርድ ሳታይ እየመታች ትሞላለታለች። ከመስተዋት ሣጥኑ ውስጥ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የስልክ ልብስ ተደርድሯል። ከበሩ ውጪ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል፤ አንደኛው ሲጮህ የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል።

ጸጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አሳጥራ ትቆረጥ ነበር። ሁልጊዜ ጥቁር ሰፊ ቲሸርት ትለብሳለች። የእጅ አንጓዋ ላይ ብዙ ቀጫጭን ላስቲኮች አሉ፤ አዲስ ስክሪን ከተለጠፈ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ስልኩ የሚታሰርባቸው ላስቲኮች ናቸው። ለእኔ ግን ከወርቅ አምባር ይበልጡብኝ ነበር። ስትሠራ አንድ በአንድ ትመዝዛቸዋለች፣ ስልኮቹ ሲደርቁ ተመልሰው እጇ ላይ ይገባሉ።

ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ ትጭናለች፤ ጉራግኛ ቢሉ ጉራግኛ፣ ኦሮምኛ ቢሉ ኦሮምኛ፣ መዝሙር ቢሉ መዝሙር። ደንበኛ ሲጠፋ ግን የራሷን ትከፍታለች። የራሷ ሮክ ነበር፤ ከሮክም «አምስተኛ ማርሽ»። የብሎኩ ዘበኛ ጋሽ በቀለ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከስፒከሩ ይርቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዘፈን ነው ግሪንደር?»

«ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ ሲያንኮራፉ እኮ እኔ ምንም ብዬ አላውቅም።»

«እኔ ሳንኮራፋ ትኬት አልሸጥም!» ይላሉ። እሷ ትስቃለች፤ ድምፁን ግን ትንሽ ትቀንስላቸዋለች።

እኔ ሶስና እባላለሁ፣ እሷ ሶሲ ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ ሮሚ ጋ እቆያለሁ። ከመስተዋት ሣጥኑ ጀርባ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ አለች፤ እኔ ስመጣ ሮሚ እላይዋ ላይ ያለውን ካርቶን አንስታ ታስቀምጠኛለች። ከጆሮ ማዳመጫዋ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ ታደርግና «አንዱን ያዢ» ትለኛለች። አንድ መሣሪያ ብቻ መርጬ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ በጆሮዬ መከተል አለብኝ ማለት ነው። ጊታሩ ሲጮህ፣ ዘፋኙ ሲያለቅስ፣ የያዝኩትን መልቀቅ የለብኝም። ሲያልቅ «ምን ያዝሽ?» ትለኛለች። ብዙ ጊዜ የምይዘው ባሱን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር ነበር። «እዚህ ጋ ትንሽ ዘገየ» ወይም «ሁለተኛው ላይ አልመታም» ስላት ዘፈኑን ወደኋላ መልሳ ታዳምጥና ዓይኗን ታፈጥብኛለች። «ይቺ ልጅ ጆሮዋ ምን ይበላል?» ትላለች። በትምህርት ቤት ከተሰጠኝ ሽልማት ሁሉ ይህ አባባሏ ይበልጥብኝ ነበር።

ቤታችን ጴንጤ ነው። እናቴ በቤተክርስቲያናችን የእህቶች ኅብረት ውስጥ ታገለግላለች፤ ቤት ውስጥ ዓለማዊ ዘፈን አይከፈትም። ይህን ሮሚ በደንብ ታውቃለች። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ልጆች ብዙ ስለነበሩ የራሷ አሠራር ነበራት። ፍላሻችን ላይ «መዝሙር» የሚል አቃፊ ትከፍታለች፣ የምራቸውን መዝሙሮች በተርታ ታስገባለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ዘፈን ስሙን ቀይራ «ዝማሬ» ብላ ትጨምራለች። «ቤት ውስጥ ጦርነት እንዳይነሣ ነው» ትል ነበር። እናቴ መዝሙሮቹን ሰምታ «ሮማን ክርስቲያን ባትሆንም መዝሙር መምረጥ ትችላለች» እያለች ታመሰግናታለች። ሮሚ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ ይህን ስነግራት በሳቅ ሞተች።

እንዲህ እያለን ናርዶስ መጣች። እኔው ነኝ ያመጣኋት። ናርዶስ ከፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ የምትኖር የክፍል ጓደኛዬ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሮሚ ከጆሮ ማዳመጫዋ አንዱን ሰጠቻትና «አንዱን ያዢ» አለቻት። ናርዶስ ምንም አልያዘችም። ከበሮው እንደጀመረ ከበርጩማው ላይ ዘላ ተነሣች፣ ጸጉሯን እያወዛወዘች ጭንቅላቷን ከመስተዋት ሣጥኑ ጋር አጋጨች፣ ከዚያም ግንባሯን ይዛ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሮሚ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ እንዲህ አስቄያት አላውቅም። እኔን ታደንቀኛለች፣ በእኔ ትገረማለች፤ በናርዶስ ግን ትደሰት ነበር። ልዩነቱን ያኔ በቃላት አልገልጸውም እንጂ ደረቴ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጦ ይታወቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በርጩማዋ ላይ ተራ መግባት ተጀመረ። ናርዶስ ቀድማ ከመጣች እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ እቆማለሁ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እየሮጥኩ መምጣት ጀመርኩ። ናርዶስ «ምን ያስሮጥሻል?» ስትለኝ «ሽንቴ መጥቶ ነው» እላት ነበር።

አንድ ቀን ሮሚ ሱቁ በር ላይ ፖስተር ለጠፈች። «አምስተኛ ማርሽ» ሊበተን ነው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ ዞረው መጨረሻ አዲስ አበባ ይጫወታሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ ሰፊ ግቢ። ሮሚ ፖስተሩን ስትለጥፍ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብላ ነበር። ከዚያ ከኪሷ ሁለት ትኬት አወጣች።

«አንዱ የኔ ነው። አንዱ የማን ይመስልሻል?»

ናርዶስ በዚያ ቀን አልነበረችም። «የኔ?» አልኩ።

«ታዲያ የጋሽ በቀለ ነው?»

ማታ ሮሚ ራሷ ወደ ቤት ወጥታ እናቴን ለመነቻት። «እትዬ አበበች፣ ከሰዓት ነው፣ ሳይመሽ በባቡር ይዣት እመለሳለሁ።» እናቴ በትህትና አስቀመጠቻት፣ ሻይ ቀዳችላት፣ ከዚያም «ሮማን፣ አንቺን እንደ እህቴ ነው የማይሽ። ግን እንዲህ ዓይነት ቦታ ልጄን አልልክም፤ አትቀየሚኝ» አለቻት። ሮሚ ወደ እኔ አየች። ምናልባት እንድለምን ጠብቃ ይሆናል። ናርዶስ ብትሆን መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። በቤታችን ግን እሺ የምትል ልጅ እኔ ነበርኩ። «እሺ» አልኩ።

ሮሚ ስትወጣ በሩ ላይ ዝቅ ብላ ጆሮዬ ላይ «እቀዳልሻለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ በረንዳችን ላይ ቆሜ አየኋቸው። ትኬቴ ለናርዶስ ተሰጥቷል። የሮሚን አንድ ጥቁር ቲሸርት ለብሳለች፤ ቲሸርቱ ጉልበቷ ድረስ ስለደረሰ ጎኗ ላይ ተሰብስቦ በላስቲክ ታስሯል። እጇም ላይ ላስቲኮች ነበሩ። ከሮሚ አንጓ ተመዝዘው የተሰጧት መሆናቸውን ከሦስተኛ ፎቅ ሆኜ አወቅኩ። ወደ ባቡሩ ሲሄዱ ናርዶስ ዘወር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ከዚያ ገብቼ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን ሁለት ጊዜ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት።

ሰኞ ሮሚ ፍላሹን ሰጠችኝ። እንደ ልማዷ «መዝሙር» ውስጥ አስገብታዋለች። «ከዚህ ሌላ ቅጂ የለም» አለችኝ። «ለማንም አልጭንም። ልጆቹ እንዳይቀዳ ለምነዋል፤ እኔ ሌባ የሆንኩት ላንቺ ብዬ ነው። ሰምተሽ ምን እንደያዝሽ ትነግሪኛለሽ።»

በአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ሰማሁት። መጀመሪያ ሕዝቡ ያለ መሣሪያ በአንድ ድምፅ «ኦ… ኦ…» እያለ ይዘምራል። ከሥሩ ዝግ ያለ ኦርጋን ይገባል። ወዲያው ከሁሉም ቀርቦ፣ አፏ ጆሮዬ ላይ የተለጠፈ ይመስል፣ የሮሚ ድምፅ ይመጣል። «ናርዶስዬ፣ ነይ ውጪ ትከሻዬ ላይ!» ከዚያ የናርዶስ ሳቅ፣ የልብስ መንኮሻኮሽ። ትከሻዋ ላይ!

ባሱን ልይዝ ሞከርኩ። አንዲት ዝግ ያለች ዘፈን መሐል ላይ ባሲስቱ ቀድሞ ገብቶ ተሳስቶ ተመለሰ፤ ይህንን ያዝኩ። ሌላው ጊዜ ሁሉ ግን ጆሮዬ እየከዳኝ ወደ እነሱ ይሄዳል። በየዘፈኑ መሐል ሮሚ «እሽ…» ስትል ይሰማል፤ እናት ልጇን ስታባብል እንደምትለው ዓይነት፣ በቀስታ፤ የቀረው በሕዝቡ ጩኸት ይዋጣል። ምን እየተባባሉ ነው? ለምን አብረው ዝም ይላሉ? ሺህ ሰው በሚጮህበት ቦታ የሁለት ሰው ሹክሹክታ ብቻ ነበር የምሰማው። በነጋታውም፣ በሦስተኛው ቀንም ሰማሁት፤ የናርዶስን ሳቅ እያለቀስኩ አስመስዬ እስክስቅ ድረስ አጠናሁት።

ባሲስቱ መሳሳቱን ለሮሚ ልነግራት እየጓጓሁ ናርዶስ የሌለችበትን ሰዓት እጠብቅ ነበር። ብቻዋን እንድትሰማኝ፣ «ይቺ ልጅ ጆሮዋ ምን ይበላል» የሚለውን ብቻዬን እንድቀበለው። ያ ሰዓት ግን አልመጣም፤ የእህቶች ኅብረት ቀደመኝ።

ኅብረቱ በየሳምንቱ በአንዷ ቤት ይደረጋል። ያን ቀን ተራው የእኛ ነበር። እህቶች ገብተው ሶፋው ሞላ። እናቴ ጸሎት እስኪጀመር ድረስ መዝሙር ልክፈት ብላ ፍላሼን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው መጨረሻ ከተጫነው ነው። እኔ የተቆረሰ ዳቦ በትሪ ይዤ ከጓዳ ስወጣ ሕዝቡ «ኦ… ኦ…» ይላል።

ትሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ኦርጋኑ ገባ። እህት ወርቅነሽ የሚባሉት ትልቋ ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አነሡ። ከጎናቸው ያሉትም ተከተሉ። አሁን ሳስበው ማንም ቢሆን ይሳሳት ነበር፤ የእኛ ኮንፈረንስም በጊታርና በከበሮ ነው፣ ሕዝቡም እንዲሁ ነው የሚዘምረው።

«ሃሌ ሉያ! ይሄ የየት ኮንፈረንስ ነው፣ እህት አበበች?»

«ኧረ እኔም ገና መስማቴ ነው። ሶሲ ናት ያስጫነችው» አለች እናቴ፣ ኩራት እየተናነቃት።

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ።»

«ናርዶስዬ፣ ነይ ውጪ ትከሻዬ ላይ!» አለች ሮሚ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ።

«ልጇንም ይዛ መጥታለች፣ ጌታ ይባርካት» አሉ እህት ወርቅነሽ።

ልጇን! በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል እንኳ ይህ ቃል ወጋኝ። እኔ ገና ከእሱ ሳላገግም ዘፋኙ «አዲስ አበባ! ዛሬ ይሄን ጣሪያ እንገነጥለዋለን!» ብሎ ጮኸና ጊታሩ ቤቱን ሞላው። እህት ወርቅነሽ «ጌታ ሆይ!» ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። እናቴ ሪሞቱን ፈልጋ ስታጣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ሱቁ ወረደች። ናርዶስ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር።

«ሮማን፣ እኔ አምኜሽ ነው ልጄን እዚህ የምተዋት።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ አበበች።»

«‹መዝሙር› ብለሽ ጽፈሽ? በእግዚአብሔር ነገር?»

ሮሚ ላስቲኮቿን ነካካች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ሶስና ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትመጣም።»

«እሺ» አለች ሮሚ።

እንዲህ በቀላሉ። ስለ ናርዶስ ቢሆን ኖሮ እሺ ትል ነበር? ይህን ጥያቄ ደረጃውን ስወጣ ጀመርኩት፤ ለዓመታትም አልተውኩትም። ከዚያ ወዲያ ሮሚን የማየው ከበረንዳ ነው። ናርዶስ ስትገባ፣ ናርዶስ ስትወጣ፣ ሁለቱ በር ላይ ቆመው በቆሎ ሲበሉ። ሮሚ ቀና ብላ ካየችኝ ፈገግ ትላለች፤ እኔም ፈገግ ብዬ፣ ልብስ ልሰጣ የወጣሁ መስዬ፣ እገባለሁ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሰው ሁሉ ዘፈን ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረ። ፍላሽ የሚሞላ ጠፋ። ሮሚ ሱቁን ዘግታ አዳማ፣ ወንድሟ ጋ ሄደች። የሄደችው ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ስመለስ በሩ ተዘግቶ የስፒከሩ ድንጋይ ብቻ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ዕቃዋን ወደ መኪናው አብራት የጫነችው ናርዶስ ናት፤ ይህንንም የነገሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። «ቻው በሏት ብላለች፣ ያቺን ጆሮ» አሉኝ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እናቴ ያንን ፍላሽ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ። አጥፍታዋለች ብዬ ነበር የማስበው። «ሰው ላንቺ ብሎ ለፍቶ ያመጣውን ማጥፋት ከበደኝ» አለች። «እዚህ ቤት ግን አትክፈቺው።» ካምፓስ እንደገባሁ ቅጂውን ወደ ስልኬ ሚሞሪ ካርድ ገለበጥኩት።

ስልኬ በተጠገነ ማግሥት ናርዶስን ቴሌግራም ላይ ፈልጌ ጻፍኩላት። ቤተሰቧ ሰፈር ከለቀቀ ወዲህ ተያይተን አናውቅም፤ አሁን ሌላ ካምፓስ የምትማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። አትላስ አካባቢ ጁስ ቤት ተገናኘን።

«ሶሲ! አምላኬ፣ እንዴት ረዘምሽ! እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ እድገቴን ጨርሻለሁ መሰለኝ።»

ስፕሪስ አዘዝን። ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌው ምግብ፣ ስለ ፈተና አወራን። ከዚያ እንደ ዋዛ «ሮሚ የወሰደችሽን ኮንሰርት ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«እንዴት እረሳዋለሁ? እግሬን ነው የገደለችኝ እኮ!»

«እንዴት?»

«ሪከርደሯን በሻርፕ ጠቅልላ አገጬ ስር አስያዘችኝ፣ ጥበቃዎቹ እንዳያዩ። ከዛ ትከሻዋ ላይ አወጣችኝ፤ ከፍ ሲል ድምፁ ጥሩ ይገባል ብላ። ሲሪየስሊ፣ የማይክ ማቆሚያ ነበርኩ! ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል ቁርጭምጭሚቴን ቆንጠጥ ታደርገኛለች። ‹እሽ… ሶሲ ያንቺን ጩኸት አይደለም የምትሰማው።› በየዘፈኑ! ሰው ሁሉ እየዘለለ እኔ እንደ ሐውልት።»

ስፕሪሱን ማንኪያዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ «እሽ…» ይህ ነበር።

«ስንመለስ ደግሞ ባቡር ውስጥ ምን አለች መሰለሽ? ‹ሶሲ ብትኖር ባሱ የት ጋ እንደተሳሳተ ትነግረኝ ነበር።› እኔ ባስ የቱ እንደሆነ መቼ አውቄ! አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። እሷ ደክሟት ነው ብላ ብስኩት ገዛችልኝ። በጣም ነበር የምቀናብሽ እኮ፣ ሶሲ። ሱቋ ውስጥ ስንት ዓመት ቁጭ አልኩ፣ አንድ ቀን ‹ምን ያዝሽ?› ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ያን ቀን ከእኔ ጋር አልነበረችም። ካንቺ ጋር ነበረች።»

ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ደስም አለኝ፤ ስፕሪሱ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ዓይኔ ጠረጴዛው ስር ወደ ናርዶስ እግር ሄደ፤ ነጭ ስኒከር፣ አጭር ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚቷ ይታያል። የተቆነጠጠው የእሷ ነው። ሮሚ እኔን እያሰበች የያዘችው የእሷን እግር ነው። ስለ እኔ ታስብ የነበረችን ሰው ከእኔ ጋር እንደነበረች አድርጌ መቁጠር አልቻልኩም። የማይክ ማቆሚያ መሆኑን እኔ ባገኘው ጥርሴን ነክሼ ጸጥ እል ነበር፤ ዝም ማለት የማውቀው እኔ ነኝ።

«ቅጂው አለሽ አይደል?» አለች ናርዶስ። «እኔ አንድ ቀን እንኳን ሰምቼው አላውቅም። ብለምናት ‹የሶሲ ነው› ብላ እምቢ አለችኝ። ላኪልኝ በናትሽ። የሮሚን ድምፅ ብቻ ብሰማ ይበቃኛል።»

«እልክልሻለሁ» አልኳት።

ዶርም ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩት፣ የናርዶስን ስም መረጥኩ፣ ጣቴን መላኪያው ላይ አሳረፍኩ። ሮሚ ለናርዶስ የባቡር ጉዞውን፣ ትከሻዋን፣ በቆሎውን፣ የሱቁን ዓመታት ሁሉ ትታላታለች። ለእኔ የተወችልኝ ይህን አንድ ነገር ነው፤ ናርዶስ የሌላት አንድ ነገር። ስልኩን ገልብጬ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ናርዶስ እንደገና ጻፈችልኝ፤ «ሶሲዬ፣ እስካሁን አልደረሰኝም።»

«ኔትወርኩ ነው» ብዬ መለስኩላት።